ልጁ ምግብ ጠልቶ ሳይሆን ሆዱ ሞልቶ ነው

ደብዳቤው፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ጀሞ ነው። ትልቋ 5 ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ትማራለች። ትንሹ 2 ዓመት ተኩል ሆኖታል። ያስቸገረኝ እሱ ነው። ምግብ አይበላም። ያለ ስልክ አፉን አይከፍትም። ሞግዚቷ ሳህን ይዛ ስትከተለው ትውላለች። ሦስት ጉርሻ ይጎርስና አራተኛውን ይተፋዋል። ደግነቱ ወተት ይወዳል፣ በቀን አራት ጡጦ ይጠጣል። ብስኩትም አይጠላም። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ‹ልጁን አስራባችሁት› እያሉ ያስጨንቁኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ምግብ የሚያስበላ ሽሮፕ ግዢለት አለችኝ። ቅዳሜና እሑድ ስንወጣ ሌላ ጣጣ ነው። ፓርክም ሄድን ዘመድ ቤት፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ፣ ከረሜላ ነው። ሰው ፊት ሲያለቅሱብኝ አፍሬ እገዛለሁ። ትልቋም ምሳ ዕቃዋን ሳትነካው ትመልሳለች። አሁን ጾም እየመጣ ነው፤ አማቴ በጾም ቤት ውስጥ እንቁላል ሲጠበስ ደስ አይላቸውም። ላስገድደው? ሽሮፑን ልግዛ? ግራ ገባኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው «ምግብ አይበላም» የሚለው ላይ ቆምኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ «ደግነቱ» የምትለው ቃል ላይ አረፈ። ደግነቱ ወተት ይወዳል፣ በቀን አራት ጡጦ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ትልቅ ጡጦ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አራቱ ሲደመሩ አንድ ሊትር ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ሊትር የላም ወተት ቅባቱ ካልወጣለት ከ600 ካሎሪ በላይ አለው። ልጅሽ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ ከ1000 እስከ 1200 ካሎሪ ገደማ ነው። ግማሹን በጡጦ ጨረሰው ማለት ነው። ብስኩቱን ጨምሪበት። ምሳ ሲቀርብ ሆዱ ውስጥ ምን ቦታ አለ? አንቺስ ብትሆኚ፣ ቁርስሽን ጥግብ ብለሽ በልተሽ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክትፎ ቢያቀርቡልሽ ትበያለሽ?

ወተት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ካልሲየም አለው፣ ፕሮቲን አለው። የሌለው ብረት ነው። በልጅሽ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል፤ አንድ ሊትር ወተት ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ወተት ብቻ የሚጠጣ ልጅ ሆዱ ሞልቶ፣ ጉንጩም ሞልቶ፣ ደሙ ሊያንስ ይችላል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ብረት ያነሰው ልጅ የምግብ ፍላጎቱ መቀነሱ ነው። አይበላም ተብሎ ወተት ይሰጠዋል፤ ወተት ስለጠጣ አይበላም። አዙሪት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማብላት ሳይሆን ወተቱን መቀነስ ነው። በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፤ ሁለት መለስተኛ ብርጭቆ በቂው ነው። እርጎና አይብ ከበላ ደግሞ እሱንም ቁጠሪው። አራቱንም ጡጦ በአንድ ቀን አትከልክይው፤ ቤቱ ይናወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ከሚጠጣቸው አንዱን አስቀሪ፤ በሚቀጥለው ሁለተኛውን። የቀሩትን ሁለቱን ወደ ብርጭቆ አዙሪያቸው። ጡጦ አፉ ውስጥ አድርጎ የሚተኛ ከሆነ ደግሞ ለጥርሱም ጥሩ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶቹ ናቸው ቀድመው የሚጎዱት። የማታውን ወተት ይጠጣ፣ ጥርሱ ይታጠብ፣ ከዚያ ይተኛ።

ሦስት አራት ቀን ያለቅሳል። እሱን ከአሁኑ ልንገርሽ።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። እባክሽ አትቀየሚያቸው። የ77ቱን ረሃብ በዓይኑ ያየ ወይም በሬዲዮ የሰማ ትውልድ፣ «ልጁ አልበላም» ሲባል የሚሰማው ነገር እኔና አንቺ ከሚሰማን ይለያል። ለእሳቸው ወፍራም ልጅ ማለት የተረፈ ልጅ ነው። እኔም አያቴ ዘንድ ነው ያደግሁት። ሳህኔ ላይ የቀረችውን አንዲት ጉርሻ «ይቺ ታለቅሳለች» እያለች ታጎርሰኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳህን ላይ ምግብ ማስቀረት ይከብደኛል፤ ወገቤም ይመሰክራል።

ግን የልጅ አመጋገብ እንዴት እንደሚሄድ ብታስረጂያቸው ይረዱሻል። ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በ3 ኪሎ የተወለደ፣ አንደኛ ዓመቱ ሲከበር 9 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ሩጫው ይበርዳል፤ በዓመት የሚጨምረው 2 ወይም 3 ኪሎ ብቻ ይሆናል። እንደ መጀመሪያው ቢቀጥል ኖሮ በሁለት ዓመቱ 27 ኪሎ በሆነ ነበር። ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ ከዓመት በኋላ የልጅ የምግብ ፍላጎት መቀነሱ በሽታ አይደለም። አንድ ቀን እንደ ጎረምሳ ይበላል፣ በማግስቱ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይነሳል። የቀኑን አትይ፣ የሳምንቱን እይ።

«ላስገድደው?» ብለሻል። አታስገድጂው። ኤለን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለወላጆች የምትመክረው አንድ የሥራ ክፍፍል አለ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ምን ይበላል፣ መቼ ይበላል፣ የት ይበላል የሚለው የወላጅ ሥራ ነው። ይበላ ወይስ አይበላ፣ ምን ያህል ይበላ የሚለው የልጁ ሥራ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ግን ነገሩ ተገላብጧል። ምን እንደሚበላ የሚመርጠው ልጁ ነው፣ ብስኩት ሲል ብስኩት። ምን ያህል እንደሚበላ የምንወስነው እኛ ነን፣ «አንዴ ብቻ ጉረስልኝ» እያልን። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ እኔም ባህሌን እወዳለሁ። ግን ፊቱን ያዞረን ልጅ አፍ መክፈት ጉርሻ አይባልም።

ሰዓቱን አንቺ ያዢው። ለምሳሌ ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ 4 ሰዓት፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ 10 ሰዓት፣ ራት ማታ 1 ሰዓት። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነች ሦስት ጊዜ ብቻ አይበቃትም። በመሃል ውሃ ብቻ። ብስኩት የለም፣ ጁስ የለም፣ «ትንሽ ወተት» የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ይቀመጥ፤ አንቺ ወይም ሞግዚቷ አብራችሁት ብሉ። ሃያ ደቂቃ፣ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት። አልበላም? ያለ ቁጣ፣ ያለ ልመና ሳህኑ ይነሳ። የሚቀጥለው ሰዓት ሩቅ አይደለም። ጤነኛ ልጅ በሁለት ምግብ መካከል ትንሽ ቢርበው ምንም አይሆንም። እንደውም ልጅሽ እስከ ዛሬ ያላገኘው ነገር እሱ ነው፤ ወደ ገበታ ሲመጣ ሆዱ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

መጀመሪያ ስታቀርቢለት አታብዢው። ከእያንዳንዱ ምግብ በዕድሜው ልክ የሾርባ ማንኪያ፣ ለእሱ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። የሞላ ሳህን ትልቅ ሰውንም ያስፈራል። ከጨረሰ ይጨመርለታል፤ «ጨምሩልኝ» የማለትን ደስታም ያገኛታል።

ስልኩን በተመለከተ፣ እንደሚሠራ አውቃለሁ። አፉ ይከፈታል፣ ሳህኑ ይጸዳል። የሚበላው ግን እሱ አይደለም፤ እየተበላለት ነው። ምን እንደጎረሰ አያይም፣ ሲጠግብ አይሰማውም። በአንድ ቀን ማቆም ካቃታችሁ ከአንድ ገበታ ጀምሩ። ቁርስ ላይ ስልክ የለም፣ የማንም፤ የአባቱም ጭምር።

ሌላም ልጠይቅሽ። ምግቡ በመፍጫ ተፈጭቶ ነው የሚቀርብለት? ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ሦስት ዓመት የሞላውን ልጅ ድንችና ካሮት ፈጭተው በማንኪያ ሲያጠጡ። ልጅ በአንድ ዓመቱ ከቤተሰቡ ማዕድ መብላት ይችላል። ማኘክ ይለመዳል፤ ሳይለመድ ከቆየ በኋላ ግን ይከብዳል። ሦስት ጎርሶ አራተኛውን መትፋቱ ከዚህም ሊሆን ይችላል። ፍትፍት አድርጊለት፣ ቀጥሎ ደቀቅ ያለ፣ ከዚያ በራሱ እጅ። ልብሱ ይበላሽ። ወለሉም ይበላሽ።

ምን ላብላው ካልሽ ደግሞ ከኩሽናሽ መውጣት አያስፈልግሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚጠቀምበት መመዘኛ ምግብን በስምንት ይመድባል። የእናት ጡት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ እንደ ካሮትና ጎመን ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ከዚያም ሌሎቹ አትክልትና ፍራፍሬዎች። በቀን ከስምንቱ ቢያንስ አምስቱን ማግኘት አለበት ይላል። ልጅሽ ዕድሜው ቢያልፍም መቁጠሪያው ያገለግልሻል። ጠዋት ቂንጬ በወተት ሲበላ ሁለት ሆነ። እንቁላል ሲጨመር ሦስት። ምሳ ምስር አልጫ በእንጀራ፣ አራት። አልጫው ውስጥ ካሮት ወይም ዱባ ከገባ አምስት። 10 ሰዓት ላይ ግማሽ ብርቱካን፣ ስድስት። ይኼው ነው። ከውጭ የመጣ የታሸገ ዱቄት አላስፈለገንም።

ሽሮን ደግሞ አትናቂው። ጥራጥሬ ነው፣ ብረትም አለው። ከጥራጥሬና ከጤፍ የሚገኘው ብረት ግን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ገፋ የሚያደርገው ይፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ያንን ይሠራል። ሽሮው ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ቲማቲም ቆርጦ አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ከምግብ በኋላ ዘይቱና ወይም ፓፓያ መስጠት በቂ ነው። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ብረቱን ያስረዋል። ዳቦ በሻይ የልጅ ቁርስ መሆኑ እዚህ አገር በጣም ተለምዷል፤ እኔ ብትጠይቂኝ ለልጅ ሻይ ጨርሶ ባይሰጥ ደስ ይለኛል። አልፎ አልፎ ትንሽ ጉበት በደንብ አብስለሽ ብትቆራርጪለትም ለብረት የሚወዳደረው የለም።

በርበሬው ካስቸገረሽ የልጆቹን ድርሻ በአልጫ ለይተሽ ሥሪ። የዶሮ ወጥ ቀን አያቶቻችን ሥጋውን በውሃ አለቅለቅ አድርገው ይሰጡን የለ? እሱም ይሠራል።

አዲስ ምግብ አንዴ ቢተፋ ጠላው አትበይ። አንዳንድ ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል ስምንትና አሥር ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ማየት ይፈልጋል። የእኔ ልጅ ዱባን አንድ ወር ሙሉ ሳህኑ ዳር ላይ እየገፋ አስቀመጠው። እኔም ምንም ሳልል አንድ ማንኪያ ማቅረቤን ቀጠልኩ። አንድ ቀን ራሱ ጎረሰና «ይኼ ምንድን ነው? ጣፋጭ ነው» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ሽሮፑን አትግዢ። የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው። ፍላጎት ይጨምራል፣ ግን ደግሞ ያደነዝዛል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ሐኪም አይቶ ካላዘዘው በስተቀር በጎረቤት ምክር ለልጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ልጅሽ የጎደለው ፍላጎት ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ። ይህንን በደንብ እንነጋገርበት፤ ሰኞ እስከ ዓርብ የሠራሽው የሚፈርሰው እዚህ ነውና።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይብሉ። ባዶ ሆድ ይዞ እንጦጦ ፓርክ የሄደ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ዛፉን ሳይሆን ሱቁን ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ደግሞ የቤት መክሰስ ይግባ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ቆንጆ ተደርጎ የተጠቀለለ ጨጨብሳ። የተቀቀለ እንቁላል ከያዝሽ ቶሎ ይበላ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሙቀት ውስጥ አይቆይ። ውሃ አትርሺ። ልጅ «ለስላሳ» ብሎ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ ጠምቶት ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ዝም ለማሰኘት ብስኩት የመስጠት ልማድ ካለሽም ተጠንቀቂ። ሰለቸኝ ማለት በላሁ ማለት እንደሆነ ነው የሚማረው። ታክሲ ውስጥ ዘፈን ይሻላል፤ ረዳቱም ይተባበርሻል።

ስለ ለስላሳው ቁጥሩን ልንገርሽ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። በቀን 1200 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 30 ግራም ነው። አንዱ ጠርሙስ የቀኑን ጨረሰው፤ ኬኩ ገና አልመጣም።

ጁስ ቤት ስትገቡም እንዲሁ። የእኛ ስፕሪስ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ግሩም ነው። ግን ስኳር ይጨመርበታል፤ ከመፈጨቱ በፊት «ያለ ስኳር» በይ። ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ይብሉት፣ አንዱን ለሁለት ይካፈሉት። ፓኬት ጁስን ከፍሬ አትቁጠሪው።

ሰው ፊት ሲያለቅሱ ማፈርሽን በተመለከተ፣ እኔም አፍሬ ገዝቻለሁ። አንድ ጊዜ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ልጄ መሬት ላይ ተንከባሎ ስንት ሰው ተሰበሰበ መሰለሽ! ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩት ውሳኔው ቤት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት ነው። ጫማ ስታደርጊላቸው ንገሪያቸው። «ዛሬ አንድ አንድ አይስክሬም እንበላለን። ለስላሳ የለም።» ትልቋ በደንብ ትረዳሻለች፣ እንደውም ታናሿን የምትቆጣጠረው እሷ ትሆናለች። ቃል የገባሽውን አይስክሬም ሳያስለምኑሽ ግዢ። የለም ያልሽውን ደግሞ ቢያለቅሱም አትግዢ። አንድ ቀን በለቅሶ ካገኙት የሚቀጥሉት አሥር ሳምንታት ለቅሶ ናቸው። ደግሞ እናንተ ሚሪንዳ ከፍታችሁ እየጠጣችሁ እነሱን «ለልጅ አይሆንም» ብትሏቸው ማን ያምናል? በዚያን ቀን ትልልቆቹም ውሃ ይጠጡ።

ዘመድ ቤት ከባዱ ነው። የቀረበን ነገር እንቢ ማለት ነውር ነው፤ አክስትየው ልጆቹን በባዶ እጅ መሸኘት አትችልም። ስለዚህ ስጦታውን አትከልክይ፣ መንገዱን አሳዪው። ከመሄድሽ በፊት ደውይና «አደራ ለልጆቹ ለስላሳ እንዳትገዢ፣ ሙዝ ሲያዩ እብድ ነው የሚሆኑት» በያት። ሙዙን በዘምቢል ገዝታ ትጠብቅሻለች። (ብርቱካንና ሙዝ ይዞ መሄድ ለታመመ ሰው ብቻ እንዲሆን ማን እንደወሰነ አላውቅም።) ልደት ላይ ግን ኬክ ይብሉ። ቆጥረሽ፣ በዓይንሽ እየገላመጥሽ አታሳቂቂያቸው። ጨርሶ የተከለከለ ነገር ጣዕሙ እጥፍ ይሆናል። ቤት ውስጥም «ጎመንህን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» አትበይ፤ ጎመኑን ቅጣት፣ ከረሜላውን ሽልማት አደረግሽው ማለት ነው።

ሁለት ነገር ላይ ግን ይሉኝታ የለም። አንደኛው ጥሬ ሥጋ ነው። አጎትየው «ወንድ ልጅ ነው፣ ይልመድ» ብሎ ጥሬ ሥጋ ወይም ለብለብ ክትፎ ሊያጎርሰው ይችላል። ኮሶ ብቻ አይደለም፣ ሌላም በሽታ አለበት። ለልጅ ብስል ብቻ።

ሁለተኛው የቡና ቁርስ ነው። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ጨዋታ ሲይዝ፣ ትንሹ ከረከቦቱ አጠገብ ቆሎና ፈንዲሻ ሲዘግን ማንም አያየውም። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ደረቅ ከረሜላ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። መንጋጋው በደንብ አይፈጭም፤ እየሮጠ ወይም እየሳቀ ከጎረሰ የአየር ቧንቧው ውስጥ ይገባል። ሙሉ የወይን ፍሬም እንዲሁ ነው፣ ለአራት ተሰንጥቆ ይሰጥ። ትንታ ይዞት በኃይል የሚያስል ከሆነ ይሳል፣ አትንኪው። ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሺውና በትከሻዎቹ መካከል በእጅሽ መዳፍ አምስት ጊዜ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው አቅፈሽ፣ አንድ እጅሽን ጨብጠሽ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ግፊ። እያፈራረቅሽ ቀጥይ፣ ሌላው ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታይሽን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሪ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ውሃም አታጠጪው። ይህን ለሞግዚቷም አሳዪያት፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

የትልቋን ምሳ ዕቃ በአጭሩ ልለፈው። ራሷ ትምረጥ፣ ግን አንቺ ካቀረብሽላት ሁለት ምርጫ ውስጥ። «ነገ እንጀራ ፍርፍር ወይስ ሩዝ በአትክልት?» በቂ ነው። ትንሽ ይታሰር። ክዳኑን ራሷ መክፈት መቻሏንም እዪ፤ አንዲት ወዳጄ ልጇ ምሳዋን ለሦስት ሳምንት ያልበላችው ክዳኑ ስለጠበቀባት ነበር፣ ለመምህሯ መናገር አፍራ።

ጾሙ ላይ ደግሞ አማትሽን የምታሸንፊያቸው በክርክር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጆች ጾም የሚጀምሩት ከሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ የአንቺዎቹ አምስትና ሁለት ተኩል ናቸው። ይህንን ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ይሻላል። ለቡና ጥሪያቸውና ወሬው መሃል አንሺው። ብዙ እናቶች የሚቸገሩት በእምነቱ ሳይሆን በዕቃው ነው፤ ድስቱ ይነካካል፣ ሽታው ይረብሻል። ለልጆቹ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ድስትና ሁለት ሳህን ለይተሽ አስቀምጪ። እንቁላሉ ይቀቀል፤ ሽታም የለው፣ ቅቤም አይፈልግ። ጾሙን የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። ለትልቅ ሰው የሚቻል ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን ግማሽ ዓመት ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ሥጋ መቆየት የለበትም። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ምግብ እንጂ ከጎመንና ከምስር አይገኝም። የጾሙ ምግብ በራሱ ደግሞ ለልጆቹ በረከት ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ጎመኑ። አማትሽ የሱፍ ፍትፍት የሚያውቁበት ከሆነ ያንን ሥራ ለእሳቸው ስጪ፤ «እማማ የሠሩትን ነው የሚበላልኝ» በያቸው። «አስራባችሁት» የሚለው ወሬ በዚያው ይረሳ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ትንሹን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ክብደቱና ቁመቱ ይለካ፣ በካርዱ ላይ ከቀድሞው ጋር ይተያይ። አማትሽ ከሳ ሲሉ አንቺ አልከሳም ከምትከራከሪ፣ ሚዛኑ ይናገር። የክንዱ ዙሪያም ይለካል፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ነገሩ በምክር ዓምድ የሚያልቅ አይደለም። የወተቱን መጠን ንገሪያቸውና የደም ምርመራ ጠይቂ። የሆድ ትል መድኃኒትና ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ማግኘቱን አረጋግጪ። መዳፉ ነጣ ካለ፣ ቶሎ የሚደክመው ከሆነ፣ አፈር ወይም ኖራ የሚበላ ከሆነ፣ ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ወይም ተቅማጡ አልቆም ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ውጤቱ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ጡጦው በስንተኛው ቀን እንደተረሳና አማትሽ ምን እንዳሉም እንዳትተዪው።